የኦሊንቶ አቧራ

ዛይራ ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ነክራ ስትጨምቀው የሚወርደው ውሃ ጭቃ ነበር። የመኪናውን ኮፈኖ ጨርሳ ወደ በሩ ዞራለች። ከአቧራው ሥር የወጣው ቀይ ቀለም እዚህም እዚያም ተሰነጣጥቋል፤ ቢሆንም ንጹሕ ነው።

«አሁን እሱን ማጠብ ምን የሚሉት ነው?» አለች የሟቹ የኦሊንቶ እኅት አርጂያ፣ የጋራዡ በር ላይ ቆማ። «ወንድሜ ሳሎን ተጋድሞ!»

«ሳሎኑ ስንት ሰው ይይዛል? ወንዶቹ እዚህ ነው የሚቀመጡት። ነገ የሞዴና ከተማ ሰው ሁሉ ‹ዛይራ ባሏን የሸረሪት ድር ውስጥ ነው ያኖረችው› ሊል ነው።»

«ሳታጥቢውም ይላል፤ አትልፊ» አለችና አርጂያ ወንበሮቹን ልትደረድር ገባች።

ከቀትር በኋላ ሰው መምጣት ጀመረ። ጭጋጉ ግቢው ድረስ ገብቷል። ሴቶቹ ሳሎን አስከሬኑን ከበው ሲቀመጡ፣ ወንዶቹ ቀዩን የማዜራቲ መኪና ከበው ወይን ጠጃቸውን ያዙ። ዛይራ ቡና ይዛ በሁለቱ መካከል ትመላለሳለች። በምታልፍበት ሁሉ ሹክሹክታው ይቆማል፤ ካለፈች በኋላ ይቀጥላል።

«ሰማንያ አንድ ዓመት! ያውም አልጋው ላይ! እንደ አነዳዱ ቢሆን ሠላሳም አይሞላው ነበር» ሲል ሰማች የድሮ የሥራ ባልደረባውን ኔሎን።

እሷም እንደዚያ ነበር የምታስበው። ኦሊንቶ የማዜራቲ ፋብሪካ ውስጥ የሙከራ ነጂ ነበር። ይሄን መኪና ከአንድ የከሰረ ባለርስት ተሰባብሮ ሳለ ገዝቶ በገዛ እጁ ገጣጠመው። እሑድ እሑድ ተራራ ለተራራ ሊወዳደርበት ይወጣ ነበር። ዛይራ ስልኩ አጠገብ ቁጭ ብላ ለቀብሩ የምትለብሰውን በሐሳቧ ትመርጣለች። የቱን ጥቁር ቀሚስ፣ የቱን ጫማ፤ ማን ደግፎ እንደሚይዛት ሁሉ ታውቅ ነበር። ከዚያ የሞተሩ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል፤ ተነሥታ ውሃ ትጥዳለች።

አሁን የቀራት ፍርሃት ሎሪስ ነው። አንድ ልጇ አርባ አምስት ዓመት ሞልቶት፣ የሁለት ሴት ልጆች አባት ሆኖ፣ ዓይኑን ከዚህ መኪና ላይ መንቀል አልቻለም። ለዚህ ነው መስከረም ላይ ባሏን ለምና፣ አልቅሳ፣ ለሚላኖው የጨረታ ቤት እንዲሰጠው ያስማማችው። መጪው የካቲት ላይ ይሸጣል። ሄዶ የማታውቀውን ሰው ይግደል።

የጨረታ ቤቱ ሰው ማላስፒና ማምሻው ላይ ነጭ አበባ ይዞ ደረሰ። ሬሳው ፊት ጥቂት ጎንበስ አለና «ሲኞራ፣ ባያስቸግርዎ አንድ ጊዜ ልየው» አላት።

ጋራዡ ውስጥ ሲገባ መነጽሩን አወለቀ።

«ማን ነው የነካው?»

«እኔ ነኝ። ለእንግዳ ብዬ...»

«ሲኞራ፣ የታጠበ ማዜራቲማ ሞልቷል። ገዢዎቼ ሊያዩ የሚመጡት ያንን አቧራ ነበር። ከተዘጋበት ቀን ጀምሮ ማንም ያልነካው!» እጁን ወደ መኪናው በር ዘረጋ። «እዚህ ጋ የግሪስ ምልክት ነበረ። የባለቤትዎ እጅ። ለመጨረሻ ጊዜ ሲዘጉት ያረፈ። ራሳቸው ናቸው ያሳዩኝ። አልነገሩዎትም?»

«‹አትንኪው› ብሎኛል» አለች ዛይራ ቀስ ብላ። «ሁልጊዜም ነው የሚለው።»

ማላስፒና ከየካቲቱ ጨረታ እንደሚያስወጣው፣ ሌላ ጊዜ እንደሚያስቡበት ተናግሮ ቡናውን ሳይቀምስ ወጣ።

«ለወንድሜ ጠብ ያላለ እንባ ለቆሻሻ ሊወርድ!» አለች አርጂያ ከጋራዡ ደጃፍ፣ የዛይራን ዓይኖች አይታ። ኔሎ ሳቁን በሳል ሸፈነ።

ዛይራ ግን የመኪናውን በር እያየች ቀረች። ጠዋት ያ ጥቁር ነገር እምቢ ብሏት በሳሙና ደጋግማ ነበር ያሸችው።

ነገሩ የሆነው ሎሪስ የአራት ወር ሕፃን ሳለ ነው። የኦሊንቶ ጓደኛ ተራራ ላይ ሲወዳደር ኩርባ ላይ ገደል ገባ። ኦሊንቶ የጓደኛው ደም ሸሚዙ ላይ እንደደረቀ ቤት መጣ። ዛይራ አላቀፈችውም። ሕፃኑን ክንዱ ላይ አስቀምጣ «በዚህ ልጅ ማልልኝ» አለችው።

«ሁለተኛ መኪናው ላይ እጄን አላሳርፍም» አለ።

ወጥቶ መኪናውን ጋራዥ አስገባ፤ በሩንም ለመጨረሻ ጊዜ ዘጋው። ከዚያ ወዲያ በጨርቅ እንኳን አልጠረገውም። ማታ ማታ የፍራፍሬ ሣጥን ገልብጦ ይቀመጥና እጆቹን ጭኖቹ መካከል ከትቶ ያየዋል። «ሽጠው እንግዲህ!» ትለዋለች። «ለመሸጥም መንካት ያስፈልጋል» ይላታል። በእልኩ መኪናውን እያበሰበሰ የሚቀጣት ይመስላት ነበር። ዕድሜ ልኳን እንደዚያ ይመስላት ነበር።

ሴቶቹ ሳሎን መቁጠሪያ ይዘው ጸሎት ሲጀምሩ ከጋራዡ የብረት ድምፅ ሰማች። ጸሎቱን አቋርጣ ወጣች። ወንዶቹ ሄደዋል። ሎሪስ ኮቱን አውልቆ፣ ኮፈኖውን ከፍቶ ካንዴላ ይፈታል።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«አየሁት ብቻ። ሞተሩ ተጣብቆ አልቀረም እኮ እማዬ! ለጸደይ ይነሣል።»

«ተነሥቶስ?»

«ተራራ እወጣበታለኋ። አባባ ይወጣ አልነበር?»

«አባትህ ምሏል።»

«የማለው እሱ ነው። እኔ ያኔ ጡት ነው የምጠባው።» ሳቀ። ሲስቅ ቁርጥ አባቱን ነው።

ዛይራ ቀረብ አለች። ኩርባውን በሐሳቧ አየችው፤ ገደሉን፣ የሚደወልላትን ስልክ፣ የልጅ ልጆቿን ጥቁር ልብስ። ያው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። በሁለቱ ሴት ልጆችህ ማልልኝ ልትለው ነው። ቢጨቃጨቅም ይምላል፤ ታውቀዋለች። ይምልና እሱም እንደ አባቱ መሐላውን ይጠብቃል።

ባሏን ከገደል አትርፋዋለች። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ሲስቅ ያየችበትን ቀን ብትፈልግ አንድም አጣች።

«ምን ልትዪ ነበር?» አላት ሎሪስ።

«ብርድ ነው እዚህ።»

ጥቁር የሐዘን ሻሿን ከራሷ አውርዳ አንገቱ ላይ ጠመጠመችለት። ጫፍና ጫፉን ይዛ ሁለት ጊዜ ቋጠረችው።

«ኧረ እማዬ፣ አነቅሽኝ!»

ጣቷን በቋጠሮውና በአንገቱ መካከል አስገባች፤ በአንድ ጣት ያህል አላላችለት።