የሚያቆመው ኦርጅናል ይሁን

ሰፈሩ «ዳኛው» ይለዋል። ችሎት ተቀምጦ አያውቅም፤ ዕድሜውን የጨረሰው የሞተር መጋዝ ሲፈታና ሲገጥም ነው። ስሙን ያወጡለት ግንድ ቆራጮች ናቸው። የታመመ መጋዝ ተሸክመው ሲመጡ አንዱን ዕቃ ወደ ቀኝ፣ አንዱን ወደ ግራ እያደረገ ሲፈርድ ያዩታል። ወደ ቀኝ የሄደው ይኖራል፤ ወደ ግራ የሄደው የውዳቂ ብረት በርሜል ውስጥ ይወረወራል። ይግባኝ የለም።

ሕጉም አንድ ናት። ለመጣ ለሄደው ሁሉ ሰው እስኪሰለቸው ይደጋግማታል፤ «የሚያስሮጠው ኮፒ ቢሆን ግድ የለም፣ የሚያቆመው ግን ኦርጅናል ይሁን።» ፒስተኑ፣ ካርቡሬተሩ፣ ለካንዴላው እሳት የሚሰጠው ኮይል፣ እነዚህ ቢበላሹ መጋዙ ይቆማል፤ የቆመ መጋዝ ደግሞ ማንንም አይገድልም። ፍሬኑ ግን ሌላ ነው። ሰንሰለቱ እንዳይዞር አንቆ የሚይዘው ያ ቀጭን የብረት ጥብጣብ ከዋናው ፋብሪካ ያልወጣ ከሆነ ዳኛው በእጁ አይነካውም። ከሞቱ መጋዞች ላይ እየፈታ ያጠራቀማቸውን ኦርጅናል ጥብጣቦች በአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ዘይት ቀብቶ ያስቀምጣቸዋል። ቆርቆሮውን ከእሱ በቀር የሚከፍት የለም።

ሕጓ ብልህ ናት። እሱም ብልህ መሆኗን አሳምሮ ያውቃል፤ ጉዱም ከዚያ ነው የጀመረው።

ኮፒ ዕቃ የሚያመጣለት ከመንገዱ ማዶ ሱቅ ያለው ነጋዴ ነው። እሱን ደግሞ «አንድ-ነው» ይሉታል፤ ስለ ዕቃው ሲጠይቁት ሌላ መልስ ስለሌለው። ከዋናው ምን ይለየዋል ሲሉት፣ «አንድ ነው» ይላል። ሳጥኑ አንድ ነው፣ ቀለሙ አንድ ነው፣ የሚያብረቀርቀው ተለጣፊ ምልክት ሳይቀር አንድ ነው። እንዲያውም የኮፒው ሳጥን ከዋናው ይበልጥ ያምራል። ዳኛው ፊት ግን አይዋሽም። «ላንተማ ምን ልደብቅህ፣ ኮፒ ነው። ግን ይሠራል» ይለዋል። ይሠራልም። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ዋናው ፋብሪካ ለነዚያ አሮጌ መጋዞች ዕቃ መሥራት ከተወ ቆይቷልና የሚመረጥ ነገር የለም።

ከሚጠግናቸው መጋዞች ሁሉ ዳኛው አንዱን ሲይዝ ብቻ እጁ ይከብደው ነበር፤ የእህቱን ባል መጋዝ። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና ጥርሱን ያልነቀለ ልጅ ነበር፤ ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ናት። ስታገባም ይዛው ገባች። ባሏን «ጋሼ» እያለ አደገ። ጋሼ አንድ ቀን እንኳ ፊቱን አጥቁሮበት አያውቅም፤ ከልጆቹ እኩል አጉርሶ፣ ከልጆቹ እኩል ቆንጥጦ ለቁም ነገር አበቃው። ባልና ሚስት የሚሠሩት አብረው ነው። እሱ ግንድ ይቆርጣል፣ እሷ ከኋላው እየተከተለች ቅርንጫፉን ጎትታ ትከምራለች። ያ ቤት የቆመው በዚያ አንድ መጋዝ ነው። ስለዚህ ዳኛው ለሌላው ሰው የሚችለውን ያደርጋል፤ ለጋሼ ግን ለራሱ ምሏል፤ እኔ በቁሜ እያለሁ ይሄ መጋዝ ጋሼን አይነካውም ብሎ።

ዝናቡ እንዳባራ የጋሼ መጋዝ እሳት መስጠት አቆመ። የሞተው ኮይሉ ነበር። ዳኛው ከመንገድ ማዶ ኮፒ ኮይል አምጥቶ ገጠመለት። ሕጓ ትፈቅዳለች፤ ኮይል የሚያስሮጥ እንጂ የሚያቆም አይደለም። ለመተማመኛ ደግሞ የብስኩት ቆርቆሮውን ከፍቶ፣ ካሉት ሁሉ ደህናውን ጥብጣብ መርጦ፣ እንዳይለወጥበት በሞረድ ጠርዙን ጫር አድርጎ፣ ፍሬኑንም አደሰለት። ገመዱን አንዴ ሲስበው ሞተሩ ተነሳ። ነዳጁን እስከ መጨረሻው ሰጥቶ የፍሬኑን እጀታ ወደፊት ሲገፋው ሰንሰለቱ ቀጥ አለ።

«እግዜር ይስጥህ የኔ ዳኛ» አለ ጋሼ። «አንተ ባትኖር ይሄኔ በመጥረቢያ ነበርኩ።»

«በመጥረቢያማ ቢሆን እታለም ትበልጥሃለች።»

እህቱ በሩ ላይ ቆማ ነበርና በሁለቱም ሳቀች። መጋዙን የተሸከመችው እሷ ነበረች።

ሰንበትበት ብሎ አንድ ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ አንድ ቆራጭ እያለከለከ ጋራዡ ውስጥ ገባ። «ጋሼህን መጋዙ በላው» አለ። ከአንዱ ግንድ ወደ ሌላው ሲሻገር፣ ፍሬኑ ተይዞ እያለ፣ ሰንሰለቱ በድንገት ዞሮ እግሩን አገኘው። ዳኛው የያዘውን መፍቻ እንኳ ሳያስቀምጥ ሮጠ። ሆስፒታል ሲደርስ ጋሼን ወደ ውስጥ አስገብተውታል። እህቱ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ፣ ቀሚሷ ደም በደም ሆኖ፣ የባሏን አንድ ጫማ በሁለት እጇ ይዛለች። ሌላው የት አለ ብሎ አልጠየቃትም።

እግሩ ከጉልበት በታች ተቆረጠ። ሐኪሙ ወጥቶ፣ «ነፍሱ ተርፋለች» አለ፤ ምስጋና እንደሚጠብቅ ሰው ትንሽ ቆም ብሎም ሄደ።

ዳኛውን ግን «ፍሬኑ ተይዞ እያለ» የምትለዋ ነገር እንቅልፍ ነሳችው። በማግስቱ መጋዙን ጠረጴዛው ላይ አወጣ። ደሙን አላጠበም፤ መጀመሪያ ጥፋተኛውን ማግኘት ፈለገ። ልቡ የሚነግረው፣ አንዱ ቀጣፊ ጥብጣቡን በኮፒ ለውጦብኛል ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እያለ፣ ጥርሱን ነክሶ ሽፋኑን ፈታ።

ጥብጣቡ ለሁለት ተበጥሷል። ግን የራሱ ነው። የፋብሪካው ማኅተም አለ፣ በሞረድ የጫረው ምልክትም አለ። ያላወቀው ቀለሙን ነው፤ እሳት ውስጥ ከርሞ እንደወጣ ብረት ሰማያዊ ሆኗል። በጣቱ ጎበጥ ሲያደርገው ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ፍሬን ደግሞ እንዲህ የሚነደው ሞተሩ ጠንከር ብሎ እየዞረ፣ ፍሬኑ ተይዞ፣ ሲፋተግ ሲፋተግ ከዋለ ብቻ ነው። የቱ ጤነኛ ሰው እንዲህ ያደርጋል? ዳኛው ሞተሩ ሥራ ሲፈታ ቀስ ብሎ እንዲያንኮራኩር የምታደርገዋን ትንሽ ብሎን አየት አደረገ። እሱ ከተዋት ቦታ ብዙ ዞራለች፤ አናቷ በቢላዋ ጫፍ ተፋፍቋል።

ጋሼ ዘንድ ሄደ። ጋሼ ከሲታ ሆኖ፣ ብርድ ልብሱ በአንዱ እግር በኩል ከፍ ብሎ በተቆረጠው በኩል ተኝቶ፣ እንደ ወትሮው ሊቀልድ ሞከረ። «ከእንግዲህ ጫማ የምገዛው ለግማሽ ሰው ነው» አለ። ዳኛው አልሳቀም።

«ጋሼ፣ ብሎኗን ማን ነካት?»

«ተወው አሁን።»

«ልወቃት።»

ጋሼ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «እኔ ነኝ። ሲሞቅ እየጠፋ አስቸገረኝ። አንዴ ከጠፋ ደግሞ እስኪቀዘቅዝ ድረስ፣ ክንዴ እስኪገነጠል ብስበው ወይ ፍንክች። ታዲያ ሞተሩን ከፍ አደረግኩና ማጥፋት ተውኩ። ከዛፍ ዛፍ ስሄድ ፍሬኑን ይዤ ነው። ሁሉም እንዲህ ነው እኮ የሚያደርገው።»

«ሁሉም ማለት?»

«ኮፒ ኮይል ያለው ሁሉ።» ከአፉ ያመለጠው ነገር ገባውና ቶሎ ብሎ፣ «እኔን የጎዳኝ የራሴ ችኮላ ነው፣ ሌላ ነገር የለም» አለ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ትጨነቃለህ ብዬ ነዋ።»

ዳኛው የቆመ መጋዝ ማንንም አይገድልም ብሎ ነበር፤ እውነት ነው። ኮፒው ኮይል ግን ሰዎቹ መጋዙን ማቆም እንዲፈሩ አደረጋቸው። እሱ ለብቻ ለብቻ የፈረደባቸው ዕቃዎች አንድ ሽፋን ውስጥ አብረው ይኖራሉ፤ ደካማው ጥፋቱን ለጠንካራው አሸከመው፣ ጠንካራውም ተሸክሞ ተሸክሞ ተበጠሰ። በሕጓ መሠረት፣ ሳያዛንፍ፣ በገዛ እጁ የጋሼን እግር ቆርጧል። በዚያችው ሕግ የጠገናቸው ሌሎች መጋዞች ደግሞ በዚያች ሰዓት ጫካ ውስጥ እያጓሩ ነበር። ከሆስፒታሉ ወጥቶ አጥሩን ተደግፎ አለቀሰ።

ከዚያ ኮይሉን ፈትቶ ይዞ ከመንገዱ ማዶ ገባና ባንኮኒው ላይ ወረወረው።

«ይሄ ሲሞቅ ይሞታል!»

«አውቃለሁ» አለ አንድ-ነው።

«ታውቃለህ?»

«ማን የማያውቅ አለ? ቀዝቃዛውን አንዴ ስበህ፣ ተነሳ ብለህ የምትለቀው አንተ ነህ። ይሠራል አልኩህ እንጂ ሲሞቅ ይሠራል መቼ አልኩህ?» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስማኝ ወንድሜ። እኔ ሌባ ልሁን፣ እሺ። የዋናው ባለቤት የት አለ? አሮጌ ነው፣ አልሠራላችሁም ብሎ ጥሏችሁ ሄደ። ነገ ሱቄን ብዘጋ ያ ሁሉ ቆራጭ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። አንተ ኦርጅናሉን ካገኘህ አምጣልኝ፣ እኔ ደስ ብሎኝ እሸጣለሁ።»

ዳኛው ሊመታው እጁን አንስቶ ነበር። ግን ሰውየው ከተናገረው ውስጥ የሚመታበት ውሸት አጣ። እጁን አውርዶ ወጣ።

ከዚያ ወዲያ ለመጣው ሁሉ፣ «ስትንቀሳቀሱ አጥፉት፣ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ» ይል ጀመር። «እሺ ዳኛው» ይሉታል፤ ሥራ የሚያሠራቸው ሰው ቁጭ ብሎ ብረት ሲቀዘቅዝ የሚጠብቅ ይመስል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የሆነበት። ኦርጅናል ኮይል ፍለጋም የሚያውቀውን ጋራዥ ሁሉ በስልክ አስጨነቀ። በመጨረሻ ከሌላ ከተማ «አለ» ያለው ተገኘ፤ ተልኮለት መጣ፤ ሳጥኑ ያበራል፣ ምልክቱ ያብረቀርቃል። አሁን ተምሯልና የጋለ ቆርቆሮ ላይ አሙቆ ፈተነው። እሳቱ ጠፋ። እሱም ኮፒ ነበር።

ጋሼ ከሆስፒታል ወጥቶ ቤት ከገባ በኋላ አንድ ጠዋት እህቱ መጣች። የባሏን ጠንካራ የሥራ ሱሪ በገመድ ታጥቃ ነበር።

«መጋዙን ሠርተኸዋል?»

«ልትሸጪው ነው?»

«ልሠራበት።»

«ማን?»

«እኔ ነኛ።» ዳኛው ቀልድ መስሎት ፈገግ ሊል ሲል፣ «ምን ያስቅሃል? በመጥረቢያ እበልጠዋለሁ ያልከው አንተ አይደለህ?» አለችው። እየቀለደች አልነበረም። «ይሄን ሁሉ ዘመን ከኋላው ስሄድ እኔስ ዓይን የለኝም? ዛፍ በየት እንደሚወድቅ አውቃለሁ። ልጆቹ ይብሉ እንጂ።»

መቀመጫ አቀረበላት፣ አልተቀመጠችም።

«እታለም፣ የጋሼን እግር ያስቆረጥኩት እኔ ነኝ። ኮይሉ...»

«አውቃለሁ።»

«ምኑን ታውቂያለሽ?»

«ሁሉንም። ሲሞቅ አልነሳ ሲለው የማየው እኔ አይደለሁ? ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ ሳስበው ገባኝ። ጋሼህም ገብቶታል። ለዳኛው እንዳትነግሪው፣ ሆድ ይፍጀው ብሎ አስምሎኝ ነበር።»

ብትሰድበው፣ አንዱን ብረት አንስታ ብትፈጠፍጥበት ይሻለው ነበር። እሷ ግን መሳቢያውን ነው የምታየው።

«ታዲያ ሌላ አለህ?»

መሳቢያውን ከፈተ። ያሉት ኮይሎች ሁሉ ያንኑ ምልክት ለጥፈው ተደርድረዋል። አንዱን አነሳ። የብስኩት ቆርቆሮውንም ከፈተ፤ የቀረው አንድ ጥብጣብ ነው፣ እሱም ሳስቷል። ዳኛው ሁለቱንም አገላብጦ አያቸው፤ ወደ ቀኝም ወደ ግራም የሚያደርጋቸው ቦታ አልነበረም። ገጠማቸው። ሲገጥም፣ «ስትሻገሪ አጥፊው፣ በሞቴ፣ በናታችን አጥንት አጥፊው» እያለ ለመናት። ሕፃን ልጅ ሲያወራ እንደሚሰሙት፣ «እሺ፣ እሺ» አለችው።

መጋዙን ውጭ አውጥታ፣ እግሯን እጀታው ላይ አድርጋ፣ ገመዱን ሳበች። በመጀመሪያው ተነሳ። ፊቷ ፈካ አለ። ደጅ ያለውን አሮጌ ግንድ እየቆራረጠች ፈተነችው፤ ዳኛው ካየው ቆራጭ ሁሉ ቀጥ አድርጋ ነው የያዘችው። ግንዱ ሲያልቅ መጋዙ ሞቋል። ሥራ ፈትቶ ሲያንኮራኩር ድምፁ ይቆራረጥ ጀመር፤ ሊጠፋ ነው።

እህቱ መጋዙን መሬት አስቀምጣ ወደ ጠረጴዛው ሄደች፣ ትንሿን የብሎን መፍቻ አነሳች፣ ተመልሳ ቁጢጥ አለችና ብሎኗን ፈልጋ ትንሽ አዞረቻት። ድምፁ ከፍ ብሎ ጸና።

«እሱ እንዲህ ሲያደርግ አይቼዋለሁ» አለች። ፍሬኑን ያዘችና ቀና ብላ አየችው። «አሁን አይጠፋም፣ አይደል?»

«አይጠፋም» አላት።