የሐጂ ጃዕፈር ፍሪሲዮን

ሐጂ ጃዕፈር ያንን ትልቅ ሞተር እንደገና ይዘውት ሲመጡ ደሜ ፈላ። እየነዱትም አልነበረም፤ ሁለት ጎረምሶች ከኋላ እየገፉ፣ እሳቸው መሪውን ይዘው ነው ጋራዤ በር ላይ የደረሱት።

«ጉደታ፣ ፍሪሲዮኑ አሁንም ደርቋል» አሉኝ ላባቸውን እየጠረጉ።

«አሁንም» የምትለዋን ቃል አልወዳትም። አዳማ ውስጥ ይህን ሞተር ደፍሮ የሚፈታ ከእኔ በቀር የለም። የረጅም መንገድ ሞተር ነው፤ ግራና ቀኝ ሣጥን ያለው፣ አንድ ፈረንጅ አገሩ ሲገባ የሸጠላቸው። የከተማችን ሞተር ሁሉ ፍሪሲዮኑ፣ ማርሽ ሲቀየር በግራ እጅ የሚጨበጠው፣ በሽቦ ይሳባል፤ ሲደርቅ ሽቦውን ዘይት ታጠጣዋለህ፣ አለቀ። የሐጂ ግን የሚሠራው በፍሬን ዘይት ግፊት ነው። ከእኔ በፊት የነካው አንዱ አዋቂ ነኝ ባይ ሽቦ ፈልጎ ሲያጣ የሞተር ዘይት አንቆርቁሮበት፣ ውስጡ ያሉት የጎማ ማሸጊያዎች፣ ጎሚኒዎቹ፣ አብጠው ነበር። እኔ ፈታሁት፣ አጠብኩት፣ ጎሚኒውን ከአዲስ አበባ አስመጥቼ ቀየርኩ፣ አየሩን አስወጣሁ። በሁለት ጣት የሚሳብ አደረግኩት። ሐጂ ደግሞ ደርቋል ይሉኛል!

«ሐጂ፣ እየቀለዱብኝ ነው እንዴ?»

«ምን ቀልድ አለው? ነገ ጁምዓ ነው፣ ሁሩታ ልሄድ ነው። አልጨበጥልህ አለኝ።»

ሐጂ በአርሲ መንገድ አውቶቡስ ሲነዱ ያረጁ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ከሞቱ፣ ልጆቻቸውም ከተበተኑ ወዲህ የቀረቻቸው ነገር ይህቺ ናት፦ ጁምዓ ጁምዓ ሁሩታ ወጥተው እዚያ መስገድ፣ ታላቅ እህታቸው ቤት ምሳ መብላት። ያቺ መንገድ ከቀረችባቸው፣ ቤት ቁጭ ብሎ ግድግዳ ማየት ነው።

እኔ ግን ንዴቴ አልበረደም። ምስክር ትሁነኝ ብዬ ጎረቤቴን የሺዓለምን ጠራኋት። ጎማ ነው የምትሸጠው፣ ሞተር ነድታ አታውቅም። ስልኳን በጆሮዋና በትከሻዋ መሃል እንደያዘች የፍሪሲዮኑን እጀታ በሁለት ጣቷ ሳብ አደረገችው።

«ምኑ ነው የደረቀው? ቅቤ ነው እኮ!» ብላ ወሬዋን እያወራች ተመለሰች።

ሐጂ ሞተሩ ላይ ወጡና በግራ እጃቸው ጨበጡት። ንቅንቅ አላለም። ቀኝ እጃቸውን ሊያግዙበት አሻገሩና እያየኋቸው መሆኑን ሲያውቁ ቶሎ መለሱት።

«በቃ፣ ተሠርቷል። ዱዓ እናድርግ» አሉ እየወረዱ።

ከአውቶቡሱ ዘመን ጀምሮ ሐጂ ያለ ዱዓ ከጋራዥ አይወጡም። እኔ የወንጌል አማኝ ነኝ፤ ሆኖም ከጎናቸው ቆሜ አሚን ማለት ልማዴ ነው። ሁለት መዳፋቸውን ዘርግተው የመንገዱን ክፉ እንዲመልስልን፣ የእኔንም እጅ እንዲባርክልኝ ለመኑ። የእኔን እጅ ሲመርቁ የእሳቸው ግራ እጅ ቀስ እያለ ወረደ። በቀኛቸው አንጓውን ይዘው አነሱት። መልሶ ወረደ። ከአውራ ጣታቸው ሥር ያለው ሥጋ ሟሽሾ አጥንቱ ብቻ ቀርቷል። ይህን ሁሉ ጊዜ ብረቱን እንጂ እጃቸውን አላየሁም ነበር። አሚን ማለቱን ረስቼ እጃቸው ላይ አፈጠጥኩ።

«አየህ አይደል?» አሉኝ።

«ሐኪም ቤት ይሂዱ እንጂ ሐጂ።»

«ሄጃለሁ። ነርቩ እየሞተ ነው፣ ቀኙም ይከተላል፣ መድኃኒት የለውም አለኝ ሐኪሙ። አላመንኩትም። አንተን ግን አምንሃለሁ። እስቲ አንዴ ፍታው። ሞተሩ ነው ካልከኝ ሞተሩ ነው።»

ፈታሁት። አንዲት የአየር አረፋ፣ አንድ የተጣመመ ጎሚኒ፣ አንድ ቅንጣት አሸዋ ፈለግኩ። ዘይቱ ጥርት ያለ ነበር። በሥራዬ ስኮራ የኖርኩ ሰው፣ ምነው ባበላሸሁት ብዬ ተመኘሁ። በጣም ተናደድኩ፤ በማን እንደሆነ ግን አላውቅም።

ሞተሩ ነው፣ መለዋወጫ ዕቃውም የለም ማለት እችል ነበር። እዚህ አገር ይህን የማያምን የለም። ግን ሌላ ጋራዥ ይሄዳሉ፤ ሌላው እንዲቀልላቸው ብሎ ስፕሪንጉን ያላላላቸውና በዚያ የጭነት መኪና በሚተራመስበት መንገድ ይወጣሉ።

«እጅዎ ነው ሐጂ» አልኳቸው።

የሞተሩን ቁልፍ መዳፌ ላይ አስቀመጡና በቀኝ እጃቸው ስልካቸውን አውጥተው ለእህታቸው ደወሉ።

«እትዬ ሑስና፣ ነገ አልመጣም… የለም፣ እኔ ደህና ነኝ። ፍሪሲዮኑ ነው። ጉደታ ዕቃው የለም አለኝ። ይኸው፣ እሱን ጠይቂው» ብለው ስልኩን ዘረጉልኝ። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ቀኙ።

«ልጄ፣ ዕቃው መቼ ይገኛል?» አሉኝ እትዬ ሑስና።

ሐጂ ዓይን ዓይኔን ያዩኛል።

«እያፈላለግን ነው፣ እትዬ» አልኩ።