ሳይያዝ የቀረው ኮምፒውተር

ሰፈሩ ሁሉ በተዘረፈ ማግስት፣ በሯን ቆልፋ ያደረችውን ሴት «ሌባዋ አንቺ ነሽ» ብላችሁ ትይዛላችሁ? የእህቴ አለቃ ግን ይዟል።

እህቴ በአንድ ማተሚያ ቤት መጻሕፍት ታርማለች። የምትሠራው በራሷ ላፕቶፕ ነው፤ ድርጅቱ ለአራሚ ኮምፒውተር አይገዛም። የኮምፒውተር ጠጋኙን ሠራተኞቹ «በነፃ» ይሉታል፤ ፕሮግራሙን ሁሉ ከየትም ለቃቅሞ ስለሚያመጣ ነው። አንድ ቀን ይኸው «በነፃ» አዲስ የገጽ ማቀናበሪያ በፍላሽ ይዞ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ዞረ። ፕሮግራሙ እንዲጫን መጀመሪያ አንቲቫይረሱ መጥፋት ነበረበት።

«ለምን ይጠፋል?» አለችው እህቴ።

«እየጮኸ ያስቸግራላ!»

«እንዲጮኽ አይደል እንዴ ያስቀመጥኩት?»

ሥራ አስኪያጁ ከቢሮው ብቅ አለ። «አንቺ ብቻ ነሽ ነቄ? ሁሉም አጥፍቷል፤ አጥፊ ብያለሁ!»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ የራሴ ኮምፒውተር ነው። አላጠፋም።»

ፍላሹንም አላስጠጋችም። ነገረ ሥራዋ ሁሉ እንዲህ ነው። ማሻሻያ ሲመጣ ሳታሳድር ትጭናለች። የሥራዋን ቅጂ በሌላ ዲስክ ታስቀምጥና ነቅላ ትቆልፍበታለች። የይለፍ ቃሏን እኔ ታላቅ ወንድሟ ብጠይቃት «የጥርስ ብሩሼንስ ላውስህ?» ብላኛለች። እቤት «ዘበኛዋ» እያልን እንስቅባት ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ የማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተሮች በሙሉ ፋይላቸው ተቆልፎ፣ «ገንዘብ ካልከፈላችሁ አይከፈትም» የሚል ማስፈራሪያ ደቅነው ተገኙ። ደህና የነበረው የእህቴ ብቻ ነው። ጤነኛ ሰው ቢሆን «እንዴት አመለጥሽ? አስተምሪን» ይላል። ሥራ አስኪያጁ ግን፣ «ቫይረሱ ሁላችንን ሲመታ አንቺን ምነው ዘለለሽ? ብታውቂበት ነው!» አለ። «በነፃ» ጣራ ጣራውን ያያል። ጥፋቷን አምና ካልፈረመች እንደምትባረር የሚገልጽ ማስታወቂያም በር ላይ ተለጠፈ። ይሉኝታ የሚባል ነገር በዚያ ሰውዬ ደጅ አላለፈም!

እናታችን ደነገጠች። «ፈርሚና ይለፍ፣ የኔ ልጅ። ሥራሽን አትጪ።»

«እማዬ፣ ከፈረምኩ እኮ የማጣው ስሜን ነው። ከዚያ በኋላ የሰው ጽሑፍ ማን አምኖ ይሰጠኛል?»

ይህን እያወራን ስልኳ ጮኸ፤ የደወለው «በነፃ» ነው። የታረሙት መጻሕፍት ከእሷ ዘንድ በቀር የትም አልተረፉም፤ አለቃው ቅጂ እንድትልክ ይፈልጋል። ደሜ ፈላ። «እንዳትሰጪ! ማስታወቂያውን መጀመሪያ ይቅደድ!»

«ፋይል አግቶ መደራደር የሌቦቹ ሥራ ነው» አለችኝ። «መጻሕፍቱ የደራሲዎቹ ናቸው፤ እሰጣለሁ። አልፈርምም።»

ቅጂውን ለማድረስ አብሬያት ሄድኩ። ሥራ አስኪያጁ ሠራተኛውን አዳራሽ ሰብስቦ ስለ «ውስጥ ጠላት» ይሰብካል። እህቴ ቅጂው ያለበትን ዲስክ ፊቱ አስቀመጠች። እሱም እንድትፈርም እስክሪብቶ ዘረጋላት። አልተቀበለችውም፤ ወደ ሰዉ ዞረች።

«እኔ አልፈርምም። የምትፈልጉትን ጠይቁኝ፤ ኮምፒውተሬንም በገለልተኛ ባለሙያ አስመርምሩ። እርስዎ ግን ጌታዬ፣ ቢሮ ገብተው ሳይሆን እዚሁ፣ እነዚህ ሁሉ እየሰሙ ይመልሱልኝ፤ አንቲቫይረሱን አጥፉ ብሎ ያዘዘን ማን ነው?»