ከስልኩ ጋር የመጣው ብሮውዘር

እኔ ቀርፋፋ ነገር አልወድም። መተማ ዮሐንስ ላይ ስልክ ስጠግን የሚያናድደኝ የተሰበረ ስክሪን አይደለም፤ ገጽ እስኪከፈት የሚሽከረከረው ክብ ነው። ስለዚህ በየደንበኛው ስልክ ላይ ኦፔራ ሚኒ እጭናለሁ። ገጹን ጨምቆ ስለሚያመጣው ኔትወርክ ሲደክምም ይከፍታል፤ ዳታም አይበላም። ጎረቤቴ ምንይችል ግን መምህር ስለሆነ ነው መሰለኝ፣ ክርክር ይወዳል።

"አንቺ ሃይሚ፣ ፋየርፎክስ እያለ ይሄን ትጭኛለሽ? በሱ እኮ ማስታወቂያውን ሁሉ ታግጃለሽ።"

"መጀመሪያ ሲከፈት አይደል?" እለዋለሁ። እንዲህ ስንነታረክ እንውላለን።

ባለፈው ሳምንት እትየ አሰበች ስልካቸውን ይዘው መጡ። ልጃቸው ረፊቃ ሱዳን፣ መደኒ ከተማ፣ የአባቷ ዘመዶች ዘንድ ነበረች። ጦርነቱ ከተነሳ ወዲህ ድምጿ ጠፍቷል፤ ትኑር ትሙት አያውቁም። ከድንበሩ ማዶ ከገላባት የተሻገረ አንድ ሰው፣ የተፈናቀሉ ሰዎች ለቤተሰባቸው መልእክት የሚተዉበት ገጽ እንዳለ ነግሯቸው አድራሻውን ስልካቸው ላይ ጽፎላቸዋል።

"እስቲ እዩልኝ ልጆቼ" አሉ።

የኔው ኦፔራ ወዲያው ከፈተው። ምንይችልን በጎን አየት አደረግሁት። ምን ያደርጋል፣ ሁሉም በዓረብኛ ነው። እትየ አሰበች ዓረብኛ ይናገራሉ እንጂ አያነቡም፤ እኛማ ጭራሹን አናውቅም። የምንይችልን ፋየርፎክስ እንዳንጭን ስልኩ ሞልቷል።

የቀረው ከስልኩ ጋር የመጣው፣ ሁለታችንም የምንንቀው ብሮውዘር ነው። ስሙን እንኳ ልብ ብለን አናውቅም። እሱ ግን ወደ አማርኛ የሚተረጉም ቁልፍ አለው። እንዲፈጥን ብዬ ፎቶ እንዳይጭን አደረግሁት። እየተንቀራፈፈም ቢሆን ተረጎመው። መፈለጊያው ላይ "ረፊቃ" ብዬ ጻፍኩ። የለም። አጻጻፉን ለውጬ ሞከርኩ። የለም።

እትየ አሰበች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። አንጀቴን በሉት። ምንይችልም ከላይ ጀምሮ ያነብላቸው ገባ። አንዱ ወንድሙን ይፈልጋል፣ አንዷ ባሏን።

"'ጓደኛ ነኝ። ከመደኒ ወጥቼ ከሰላ ከተማ ገብቻለሁ። ደህና መሆኔን ለእናቴ ንገሩልኝ።' ይሄ ደግሞ ስሙን መጻፍ የፈራ ሰው ነው" ብሎ ሊያልፈው ሲል ክንዱን ያዙት።

"ምን ነኝ ነው ያለው?"

"ጓደኛ።"

"ረፊቃ ማለት እኮ ጓደኛ ማለት ነው! አባቷ ስሙን ሲያወጣላት ነግሮኛል!"

ተርጓሚው ስሟንም ተርጉሞት ኖሯል። እኔ ደግሞ በአማርኛ ገጽ ላይ የዓረብኛ ስም ስፈልግ ነበር።

ከመልእክቱ ሥር የፎቶ ቦታ አለ፤ እኔው የዘጋሁት። ከፈትኩት። ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ መጣ፤ መጀመሪያ ሻሽ፣ ከዚያ ግንባር። ቅንድቡ ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ።

"በኦፔራ ክፈችው፣ እሱ ይፈጥናል" አለ ምንይችል። እንዲህ ሲል ሰምቼው አላውቅም። ቶሎ ብዬ ልዘጋው እጄን ስዘረጋ እትየ አሰበች ስልኩን ነጠቁኝ።

"ኸላስ፣ በቃ፣ እንዳትነኪብኝ! ግንባሯን አውቀዋለሁ" አሉ፤ እንባቸው እየወረደ። "ቀስ ብላ ትምጣ።"