የሳህኑ ግምት

"ጡጫህን አምጣ" አለች እህቱ።

ወንድሟ በምግብ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ቀኝ እጁን ጨብጦ ከሳህኑ ጎን አስቀመጠ። እሷ ከወንበሯ ትንሽ ብድግ ብላ አንዴ ሩዙን፣ አንዴ ጡጫውን አየች።

"ይሄ ሁለት ጡጫ ይወጣዋል። ግማሹን ቀንስ።"

"እስክንለካ ሊቀዘቅዝ ነው እኮ፣ እታለም።"

"ስለቀዘቀዘ ካሎሪው አይጨምርም" አለችና በማንኪያዋ ግማሹን ዝቃ ወደ ትርፉ ሳህን ገለበጠችው። ቀጥላ ወደ ዶሮው ዞረች። "ቆዳውን ግፈፈው። ይሄ የሚያብለጨልጨው ቅቤ ነው። እኛ ቤት አንድ ማንኪያ የሚበቃውን እነዚህ ሦስት ያደርጉበታል። ሰላጣው ላይ ያፈሰሱት ነጩ ነገር ደግሞ ከዶሮውም ይብሳል፤ ወደ ዳር አድርገው። አሁን ስድስት መቶ ሃምሳ ብንለው ነው። ሲመጣ ግን ከአንድ ሺህ ሁለት መቶ አያንስም ነበር።"

የግራ ክንዷ ላይ የጠዋቱ መርፌ የተነቀለበት ቦታ በነጭ ፋሻ ተጠቅልሏል። ከኩላሊት እጥበት ስትወጣ ሁልጊዜ ፊቷ አመድ ይመስላል፤ ዛሬም እንደዚያው ነው። ድምጿ ግን ሃያ ሁለት ዓመት ሒሳብ ያስተማረችበት ድምፅ ነበር፣ የመጨረሻው ወንበር ድረስ የሚሰማ። ከፊቷ ያለው ጨው ያልነካው የተቀቀለ የእንቁላል ነጭና አንድ ቁራጭ ዳቦ ነው። እስካሁን አልነካችውም።

ወንድሟ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። በሳምንት አምስት ቀን ቁርሱም ምሳውም በየመንገዱ ዳር ምግብ ቤት ነው። ከስምንት ወር በፊት የእህቱ ሁለቱም ኩላሊቶች ሥራ ሲያቆሙ፣ አንድ ኩላሊት ሊሰጣት ከቤተሰቡ ምርመራው የገጠመው የእሱ ብቻ ሆነ። ሐኪሞቹ ግን ሚዛን ላይ አቁመውት መቶ አራት ኪሎ ሲያገኙ እርስ በርስ ተያዩ። ከዘጠና በታች ካልወረደ ቀዶ ሕክምናው ለእሱም አደጋ ነው አሉት።

የሆስፒታሉ የሥነ ምግብ ባለሙያ፣ ሹፌር ሚዛን ተሸክሞ ምግብ ቤት እንደማይገባ ስለገባት በእጁ መገመት አስተማረችው። ሩዝና ፓስታ ከጡጫ እንዳይበልጥ፣ ሥጋ መዳፍ የሚያህል፣ ዘይት የአውራ ጣት ጫፍ። "ያልታየዎትን ሁልጊዜ ይጨምሩበት" አለችው። "የምግብ ቤት ምግብ የሚጣፍጠው በማይታየው ነው።"

እሱን ግን ይህ አልሆንልህ አለው። ጭነት በዓይኑ አይቶ ስንት ኩንታል እንደሆነ የሚናገር ሰው፣ የራሱን ሳህን ሲያይ ያሳንሰዋል። ስለዚህ ፎቶ እያነሳ ለእህቱ መላክ ጀመረ። እሷ በሳምንት ሦስት ቀን፣ አራት አራት ሰዓት፣ አንድ ክንዷን ለማሽኑ ሰጥታ ትተኛለች። ስልኳ ድምፅ ሲያሰማ በነጻው እጇ ፎቶውን አስፍታ ታይና መልሱን ትልካለች። "ዘጠኝ መቶ። ዳቦውን መልስ።" ወይም ደግሞ፣ "ይህን ያዘዝከው ለራስህ ነው ወይስ ለተሳቢው?" ቀስ በቀስ ጎኗ የሚተኙት ታማሚዎችም መገመት ጀመሩ። ስልኩ ከአልጋ አልጋ ይዞራል፤ አንዱ አምስት መቶ፣ ሌላው ሰባት መቶ ይላል። ከእነሱ ውስጥ የፈለገውን መብላት የሚችል አንድም ሰው የለም። ነርሶቹ ሳይቀሩ "የሹፌሩ ምሳ ዛሬ አልመጣም?" ማለት ለምደው ነበር።

አንድ ጊዜ ግማሹን ከበላ በኋላ የቀረውን አስተካክሎ ፎቶ ላከላት። "የሹካው ዱካ ይታያል" ብላ መለሰችለት። ከዚያ ወዲህ ዋሽቷት አያውቅም።

"ስንት ሆንክ ታዲያ ዛሬ?" አለችው አሁን፣ ዳቦዋን እየቆረሰች። "ጠዋት ትመዘናለህ አላልከኝም?"

"ዘጠና አንድ ተኩል" አላት።

ጠዋት ሚዛኑ ያሳየው ሰማንያ ዘጠኝ ነጥብ ስድስት ነበር። የሥነ ምግብ ባለሙያዋ ቁጥሩን ስታይ አጨበጨበችለት። ጫማውን እንኳ ሳያስር ለእህቱ ሊደውል ስልኩን ሲያወጣ፣ የእህቱ ሐኪም በሩ ላይ ብቅ ብሎ ጠራው። ቢሮው አስገብቶ በሩን ዘጋ።

"ባለፈው ሳምንት የልቧን ምርመራ ደግመን ነበር" አለው። "ልቧ በጣም ደክሟል። ቀዶ ሕክምናውን አትችለውም።"

"ትንሽ ብንጠብቅስ? ሁለት ወር፣ ሦስት ወር?"

"በመጠበቅ የሚሻል ዓይነት አይደለም። እጥበቱ ይቀጥላል፤ እስከቻለች ድረስ።"

"ቀደም ብዬ ብደርስ ኖሮስ?"

ሐኪሙ ለመመለስ ቆየ። "እሱን ማንም አያውቅም" አለ በመጨረሻ። ሹፌሩን የጎዳው ከመልሱ ይልቅ ያ ቆይታ ነበር። በሦስተኛው ወር ሰንፎ፣ ያወረደውን አራት ኪሎ መልሶት ነበር።

"ሐሙስ ቀጠሮ አላት፤ ያን ዕለት እንነግራታለን። ከእርስዎ አፍ ብትሰማ ይሻላል ካሉ ግን..."

"እኔ እነግራታለሁ" አለ። ከእጥበት እስክትወጣ ኮሪደር ላይ ጠበቃት፤ ከዚያ ምሳ ልጋብዝሽ ብሎ ይዟት መጣ።

"ዘጠና አንድ ተኩል" አለች እህቱ፣ በጣቷ ጠረጴዛው ላይ እያሰላች። "ሁለት ኪሎ እንኳ አይሞላም የቀረህ። በሦስት ሳምንት ትደርሳለህ። የመንገድ ላይ ለስላሳውን ከተውክ በሁለትም ይሆናል።" እንቁላሉን በሹካዋ ከፈለችው። "ደስ አላለህም እንዴ? ፊትህ ልክ አይደለም።"

"መንገዱ አድክሞኝ ነው።"

"ልጄ ትናንት ደውላ ነበር። ሰርጉ በሚቀጥለው ወር ይሁን ብላ ድርቅ አለችብኝ። ልብስሽን መልሺ፣ ስድስት ወር ቆዩ አልኳት። ወንበር ላይ የተቀመጥኩ እናት ሆኜ አልድርሽም፤ ኩላሊቴን ልቀበልና ቆሜ፣ ጨፍሬ ነው የምድርሽ አልኳት። ትንሽ አለቀሰች፤ ቢሆንም እሺ አለች። አዳራሹን ዛሬ ከሰዓት በኋላ ይሰርዙታል።"

ሹፌሩ ሹካውን አስቀመጠ። ጎኑ ካለው ጠረጴዛ ሰዎች ይስቃሉ፤ ከወጥ ቤቱ የሳህን ኳኳታ ይመጣል። ኪሎውን ደብቆ ሁለት ሳምንት፣ ሦስት ሳምንት በተስፋ ሊያኖራት አስቦ ነበር። አዳራሹን ግን አላሰበም።

"እታለም፣ ዘጠና አንድ ተኩል አይደለሁም።"

"ጨመርክ?"

"ሰማንያ ዘጠኝ ነጥብ ስድስት ነኝ።"

ፊቷ በአንዴ በራ። እጁን ልትይዝ እጇን ዘረጋች፤ ግን መሃል ላይ ቆመች። ተማሪ ሰሌዳ ላይ የጻፈው መልስ ስህተት ሲሆን እንደምታየው አየችው።

"ሰው ኪሎውን የሚዋሸው አሳንሶ ነው" አለች ቀስ ብላ። "አንተ ለምን አስበልጠህ ነገርከኝ?"

ውሃ ጠጣና ነገራት። ጠዋት የሰማውን ሁሉ፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ፣ ሐኪሙ እንዳለው። ሲጨርስ ዓይኗን ማየት አልቻለም፤ የገፈፈውን የዶሮ ቆዳ ነበር የሚያየው። አስተናጋጇ መጥታ "ምን ልጨምር?" አለች። ትርፉን ሳህን አንስታ ሄደች።

"ልቤ ነው እንግዲህ" አለች እህቱ። "ስንጠብቀው የነበረው የአንተን ኪሎ ነው፤ የደከመው ግን የኔ ልብ።"

"በሦስተኛው ወር ባልሰንፍ..."

"ተው።"

"አራት ኪሎ መለስኩ እኮ። ያኔ ብደርስ..."

"ያኔም ሳህንህን እገምትልህ የነበርኩት እኔ ነኝ። ስህተት ካለ የሁለታችን ነው። እሱን ሒሳብ አንጀምረውም፤ መልስ የለውም።" ድምጿ ተሰበረ። መሐረብ አውጥታ ፊቷ ላይ አደረገችው፤ ትከሻዋ ብቻ ሲንቀጠቀጥ ይታያል። እሱ ተነስቶ ከጎኗ ተቀመጠና ፋሻ የሌለበትን ክንዷን ያዘ። በስምንት ወር ውስጥ እንዲህ መቅጠኗን አላስተዋለም ነበር። በየቀኑ ስለ እሱ ክብደት ሲያወሩ፣ የእሷን የጠየቀ አልነበረም።

ፊቷን ጠርጋ ስትጨርስ ሰዓቷን አየች። ከዚያ ስልኳን አነሳች።

"ሄሎ፣ የኔ ልጅ። አዳራሹን ሰረዛችሁት?... ጎሽ፣ አትሰርዙት እንግዲያው። በሚቀጥለው ወር ይሁን... ምንም አልሆንኩም። አጎትሽ ሸንቃጣ ሆኖልሻል፤ መልሶ ሳይወፍር ሱፍ እናልብሰው ብዬ ነው።" ከስልኩ ውስጥ ሳቅም ለቅሶም የመሰለ ድምፅ ተሰማ። እህቱ ፈገግ ብላ አዳመጠች። ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ግን ፈገግታውን ወሰደው። "እሱን እሱ ይንገርሽ" አለችና ስልኩን ሰጠችው። ስትሰጠውም ራሷን ግራና ቀኝ በቀስታ ነቀነቀች።

"አጎቴ፣ እውነት ደረስክ?" አለች ልጅቱ። "ከዘጠና በታች ገባህ?"

"ገባሁ።"

"ቀዶ ሕክምናው ታዲያ መቼ ነው?"

እህቱ ዓይኗን ከእሱ ላይ አልነቀለችም። ከሰርጉ በኋላ ማለት ይችል ነበር፤ የፈለገችውም ያንን ነው፤ ቃሉም አፉ ላይ ደርሶ ነበር።

"ቅዳሜ አንቺ ዘንድ እመጣለሁ" አላት። "በስልክ የሚሆን አይደለም። ቁጭ ብለን እናወራለን።"

ልጅቱ በጣም ቀሰስ ባለ ድምፅ "እሺ፣ እጠብቅሃለሁ" አለች።

እህቱ ዓይኗን ጨፈነች። ስልኩን ልትቀማው ግን እጇን አላነሳችም።