ዳባ የበየደው ዝምታ

አያና ዳባን የሰደበው በ1990 ዓ.ም.፣ በጥር ወር ሁለተኛው እሁድ፣ ጭሮ ባለው ጸሎት ቤታቸው የኳየር ልምምድ ላይ ነው። የኳየሩ መሪ አያና እጁን አንስቶ መዝሙሩን አቋረጠና፣ «ዳባ፣ አንተ አፍህን ብቻ ክፈት፤ ድምፅ አታውጣ» አለው። ሴቶቹ ሳቁ። ከሁሉም አብልጣ የሳቀችው ደግሞ ዳባ ሊያገባት ያሰባት ዘመናይ ነበረች። አያና የዚያን ቀን ቡናማ ሸሚዝ ለብሷል፤ ሁለተኛ ቁልፉ ወልቋል። ዳባ እስከ ስምንተኛ ክፍል የተማረውን ሁሉ ረስቷል፤ ያችን ቁልፍ ግን አልረሳም።

ዘመናይ ነርስ አገባች። ዳባ በያጅ ሆነና ወደ ሂርና በሚወስደው መንገድ ዳር የብረት በርና መስኮት እየሠራ ተቀመጠ። አያና ድሬዳዋ ወርዶ ሲሚንቶ ነገደ፤ በ2009 ሲመለስ ሁለት በር ብቻ ያላት፣ ሆዷ መሬት የሚልስ፣ ቀይ የስፖርት መኪና ይዞ መጣ። መኪናዋ ስትነሳ የሰፈሩ ቆርቆሮ ጣሪያ ይርገፈገፋል፤ ባጃጆች ጥግ ይይዛሉ፤ አህያ ጭነቷን ጥላ ትሮጣለች። አያናም መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ይቅርታ፣ ይቅርታ» እያለ ነዳጁን ይረግጣል።

ያው አያና ለቤተ ክርስቲያን ሽማግሌነት ታጨ። መጋቢ ኃይለየሱስ ግን ለብቻው ጠርተው፣ «ወንድሜ፣ ሽማግሌ ጭምት መሆን አለበት። አንተ ሳትደርስ መኪናህ ትደርሳለች» አሉት። የእትዬ ባየች የረቡዕ ጸሎት ቡድንም የመኪናዋን ጩኸት የጸሎት ርዕስ አድርጎት ነበር፤ ከዝናብ ቀጥሎ፣ ከልጅ ልጃቸው ከትዕምርት የፈተና ውጤት በፊት።

ይሄኔ አያና ዳባ ዘንድ መጣ።

«ያ ዳባ! ማሎ፣ እባክህ፣ አንተ ካልሆንክ ማን አለኝ? ይቺን መኪና ስፈልግ የምትጮህ፣ ስፈልግ ዝም የምትል አድርግልኝ።»

«ለምን ጭራሽ ዝም አላሰኛትም?»

«ሂርና ስገባ ሰው ዞር ብሎ ካላየኝ ምኑን ነዳሁት!»

«ድሬዳዋ ስንት ጋራዥ አለ።»

«እነሱ ወሬኛ ናቸው። አንተ ዝም ማለት ታውቃለህ።»

ዳባ መዶሻውን አስቀመጠ። «ማን አስተምሮኝ?» አለ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ አያና ምንም ትዝ አላለውም። ዳባ ወሩን፣ እሁዱን፣ ሸሚዙን፣ የወለቀችውን ቁልፍ ሳይቀር ነገረው። አያና ከትከት ብሎ ሳቀና፣ «ያኔማ ልጆች ነበርን!» አለ። ዳባ የብየዳ መነጽሩን አጥልቆ ወደ በሩ ሥራ ተመለሰ። የሽማግሌዎቹ አግዳሚ ወንበር በአያና ዓይን ሳይዞር አልቀረም።

«እሺ፣ ምን ላድርግልህ?»

«እሁድ ምስክርነት ላይ፣ በጉባኤው ፊት፣ ‹ዳባን በድዬዋለሁ› በል።»

«እላለሁ።»

«‹ድምፁ መልካም ነበር› የምትለዋንም አትርሳ።»

አያና በጌታ ስም ቃል ገባ። ዳባም መኪናዋ ሥር ገባ። የጭስ ማውጫውን ቧንቧ ቆርጦ ሁለት መንገድ አበጀለት፤ አንዱ በድምፅ ማፈኛው፣ በማርሚታው ውስጥ ዞሮ ጩኸቱን እዚያው ውጦ የሚያስቀር፣ ሌላው ጭሱንም ጩኸቱንም በቀጥታ ወደ ውጭ የሚተፋ። በሁለተኛው አፍ ላይ ክብ የብረት ክዳን ገጠመ፤ ክዳኑን ከባጃጅ ፍሪሲዮን ገመድ፣ ገመዱን ከወንበሩ ሥር ካለች እጀታ ጋር አያያዘ። እጀታዋ ስትሳብ መኪናዋ ትለዝባለች፤ ስትለቀቅ ታገሣለች። ብረቱ ሲግል ክዳኑ እየተጣበቀ አስቸገረው፤ ከአሮጌ ሞተር ሳይክል የፈታው ሞላ ገላገለው። ሥራው ሲያልቅ፣ ማንም በሌለበት፣ ድሮ የተከለከለውን መዝሙር ከፍ አድርጎ ዘመረ። ውሻ ጮኸበት።

እሁድ አያና ማዞሪያው ላይ እጀታዋን ሳብ አደረገ። መኪናዋ እንደ ድመት ተሳባ ግቢ ገባች። ሰው ጉድ አለ። ዳባ ሙሉ ልብሱን ለብሶ ከፊት ተቀምጧል፤ ዘመናይ ኳየሩ ውስጥ መኖሯን ሁለት ሦስቴ ዞሮ አረጋገጠ።

«ምስክርነት ያለው?» አሉ መጋቢ።

አያና ተነሥቶ ክራቫቱን አስተካከለ። «ወገኖች፣ ዛሬ ስለ ወንድሜ ስለ ዳባ…»

«ቆይ ልጄ! መጀመሪያ ክብሩ ለባለቤቱ!» እትዬ ባየች እልልታውን አቀለጡት። «ረቡዕ ረቡዕ ስንጾምባት የከረምናት የአያና መኪና ዛሬ ዝም አለች! ጌታ አፏን ዘጋው!»

ቤቱ በሃሌሉያ ተናጋ። ያለቀሱም ነበሩ።

«ወንድም አያና፣ እውነት ነው?» አሉ መጋቢ።

አያና ዳባን አየ፤ መጋቢን አየ፤ የሽማግሌዎቹን ወንበር አየ። «አሜን» አለ። አንዴ አሜን ያለ ሰው ማቆሚያ የለውምና፣ «እኔም ጠዋት ሳስነሣት ደንግጬ ነበር» ብሎ ጨመረበት።

«ስለ ዳባ ጀምረህ ነበር?»

«አዎ፣ ስለ ወንድሜ ዳባ… እንድትጸልዩለት ነው። ሥራ በዝቶበታል።»

ጉባኤው ለዳባ ጸለየ። ዳባ ዓይኑን አልጨፈነም።

ከአምልኮ በኋላ እናቶች መኪናዋን ከበው እጃቸውን እየጫኑ ያመሰግኑ ጀመር። በዚያው ጉባኤ ሽማግሌነቱ የጸደቀለት አያና መሃላቸው ቆሟል። ሥሯ ጎንበስ ብሎ ላየ፣ አዲሱ ብየዳ እንደ ብር ያበራል፤ ጎንበስ ያለ ግን የለም።

«ዳባ ልጄ» አሉ እትዬ ባየች፣ ክንዱን ይዘው፣ «አንተ ብረት ታውቃለህ። እስቲ ለእነዚህ ለማያምኑት ንገራቸው። ይሄ በሰው እጅ የሚሆን ነገር ነው?»

ሁሉም ወደ ዳባ ዞረ። ዘመናይም የመጨረሻ ልጇን አዝላ ቀረብ አለች። አዎ ቢል፣ የአሮጊቶቹን ጾም ያፈረሰ ምቀኛ ሊባል ነው። አይደለም ቢል፣ እጁን በገዛ አፉ ሊክድ ነው።

«ተናገር እንጂ ወንድሜ፣ ሰው እየጠበቀህ ነው» አለ አያና፣ ላቡን በመሐረብ እየጠረገ።

ዳባ ክንዱን ከእትዬ ባየች እጅ ቀስ አድርጎ አላቀቀ። ኮቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ በእናቶቹ መሃል አለፈና፣ አያና ያኔ እንዳዘዘው ድምፅ ሳያወጣ፣ በግቢው በር ወጥቶ ሄደ።