የተጎነጎነው ሽቦ

ሰሚሃ በሐይቅ ከተማ የመብራት ሠራተኛ ናት። ሽቦ ተዝረክርኮ ካየች እህል በአፏ አይዞርም። ሰው ቤት ለእንግድነት ስትገባ እንኳ ከቀረበላት ማዕድ በፊት ኮርኒሱን ነው የምታየው። ሥራዋን የሚያመሰግን ቢጠፋ ራሷ ታመሰግነዋለች እንጂ ምስጋናው አይቀርም።

ኅዳር ገብቶ የሐይቁ ነፋስ ብርድ ሲቀላቅል፣ አሪፋ የምትባል ባለሱቅ ወደ አባቷ ቤት ጠራቻት። ከመታጠቢያ ቤቱ ጎን፣ ግድግዳው ውስጥ የተሠራ ቁም ሳጥን አለ። ከላይ የውሃ ማሞቂያው ቦይለር ተሰቅሏል፤ ከሥሩ ብርድ ልብሱና ጋቢው ይደረደራል። እናቷ ሂንድ ወደ አኼራ ከሄዱ ወዲህ አባቷ ጋሽ ኑርዬ ሌላ ቦታ አይቀመጡም። ጀርባቸውን ለቁም ሳጥኑ በር ሰጥተው ይውላሉ፤ በሩ ይሞቃል። አሪፋ ግን አንድ ቀን ከፍታ ውስጡ ያለውን ሽቦ ካየች ጀምሮ እንቅልፍ አጥታለች። አባቴ ከነቤቱ ይነድብኛል፣ ሥርዓት አስይዢልኝ አለችና ወደ ሱቋ ሄደች።

ጋሽ ኑርዬ ከበሩ ለመነሳት ዘገዩ።

«ባትነኪው ምን አለበት ልጄ?» አሉ። «እዚህ ቤት የሚያሞቀኝ ይሄ ብቻ ነው።»

ሰሚሃ ሳቀች። ስጨርስ ከዚህም የበለጠ ይሞቅዎታል ብላ ቃል ገባችላቸው። ቃል መግባት መች ገዷት።

ብሬከሩን አጥፍታ በሩን ከፈተችው። ሽቦው አሪፋ እንዳለችው የተዝረከረከ አልነበረም፤ ተጎንጉኖ ነበር። ቀዩ፣ ጥቁሩና ቢጫው እየተደራረቡ፣ ልክ እንደ ሹሩባ፣ ከቦይለሩ ጀምረው እስከ ብርድ ልብሱ ወርደዋል። ደቃቅና ጥብቅ፣ ሙያ ያለው እጅ የሠራው ነው። ማን እንደጎነጎነው ጋሽ ኑርዬን ጠየቀቻቸው። ሂንድ በሕይወት ሳለች የሰፈሩን ሴት ሁሉ ሹሩባ ትሠራ ነበር አሉ። ሰሚሃ ያልሰማች መሰለች።

ሽቦውን እስከ ግድግዳው ተከተለችው። ከመስመሩ ጋር የሚገናኘው ጫፍ ከተቆረጠ ቆይቷል፤ መዳቡ ዝጎ አረንጓዴ ሆኗል። ብሬከሩን መልሳ አብርታ በቴስተር ሞከረች፤ ወደ ቦይለሩ የሚሄድ ኤሌክትሪክ የለም። ቦይለሩን ነካችው፤ ቀዝቃዛ ነው። ከዚያ እጇን ብርድ ልብሱ መሀል ሰደደች። ሰው አሁን ከላዩ የተነሳበት አልጋ ይመስል ይሞቅ ነበር።

አዑዙ ቢላሂ አለች ለራሷ፤ እጇን ላጥ አድርጋ አወጣች።

እዚያ ላይ በሩን ዘግታ መሄድ ነበረባት። ቢያንስ ለሽማግሌው መንገር ነበረባት። እሷ ግን ዝም አይነቅዝም አለች። ደግሞስ ሥራ ጀምራ ጥላ ሄደች ቢባል ስሟ ምን ሊሆን ነው? ብሬከሩን አጠፋችና ጉንጉኑን ከጫፉ መፍታት ጀመረች።

ያረጀ ሽቦ ሲፈታ ያስቸግራል፤ ይሄ ግን ለስልሶ ታዘዘላት። ከጣቶቿ ሥር እየደጋገመ ወደ እሷ ያዘነብላል፤ ጸጉሯ ሲፈታላት እንቅልፍ የሚወስዳት ሴት ራሷን እንደምትጥለው። ከብርድ ልብሶቹ መካከል ረዘም ያለ ትንፋሽ ተሰማት። ፈራች፣ በጣም ፈራች፤ እጇ ግን አላቆመም። የመጨረሻው ዘለላ ሲፈታ ትንፋሹ ጠፋ።

የቀረው የለመደችው ሥራ ነው። አዲስ ሽቦ በቱቦ አሳልፋ፣ በየቦታው አስራ ብሬከሩን አበራች። ጥቂት ቆይቶ ቦይለሩ ማጉረምረም ጀመረ። እንዲህ የጠራ ሥራ ሠርታ አታውቅም።

ጋሽ ኑርዬ መጥተው ጀርባቸውን ለበሩ ሰጡ። ብዙም ሳይቆዩ መንቀጥቀጥ ያዛቸው። ሰሚሃ በሩን ዳሰሰችው፤ ደህና አድርጎ ይሞቃል። ጋቢ ደረበችላቸው፣ ብርድ ልብስ ጨመረችላቸው፤ ጥርሳቸው መንገጫገጩን አልተወም።

«እንደነበረው አድርጊልኝ» አሉ።

አልተቆጡም። ቢቆጧት በተሻላት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ አይደል?

ብሬከሩን አጥፍታ አዲሱን ሽቦ ነቀለች። አሮጌውን ከወለሉ ላይ ለቅማ፣ ከጎናቸው ተቀምጣ መጎንጎን ጀመረች። ሹሩባ መሥራት ከልጅነቷ ታውቃለች። ቀዩን በጥቁሩ፣ ጥቁሩን በቢጫው እያሳለፈች፣ ሲጠማዘዝባት እየፈታች፣ እንደገና እየጀመረች፣ ጣቷ እስኪላጥ ሠራች። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ሲያልቅ በቦታው ሰቅላ በሩን ዘጋችው።

ጋሽ ኑርዬ መዳፋቸውን በሩ ላይ አሳርፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ። መንቀጥቀጡ ግን አልተዋቸውም። ሰሚሃ የተላጠ ጣቷን ይዛ ጠበቀች።

«እጅሽ ጥሩ ነው ልጄ» አሉ። «የሷ ግን አይደለም።»